የመልስ ጨዋታው ይመለስ

በፈረንጆቹ 2022 መገባደጃ ላይ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያቆመው የጠፋ ይመስል ነበር። የውድድር ዓመቱን 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጀመረ፤ ከራሱ ሊግ ውጪ የገጠሙትን 11 ቡድኖች አንድም ሳያስቀር በ10 እና ከዚያ በላይ በሆነ የነጥብ ልዩነት ሸኛቸው። ዲሴምበር 31 ቀን ወደ ሲንሲናቲ ተጉዞ በዜቪየር ዩኒቨርሲቲ 83 ለ 73 ተረታ። ከዚያች ቀን እስከ ጃንዋሪ 25 ድረስ ካደረጋቸው 8 ጨዋታዎች በ6ቱ ተሸነፈ። ኅዳር ላይ ዋንጫ ይገባዋል የተባለለት ቡድን ጥር ላይ አበቃለት ተባለ።

ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፤ አሰልጣኙም ያው ዳን ሀርሊ ነው። የተለወጠው ተጋጣሚዎቹ ስለ ቡድኑ የሚያውቁት ነገር ነበር።

የቡድኑ ጉልበት ማሊያዊው አዳማ ሳኖጎ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ከደረሰው በትከሻው ገፍቶ ያስቆጥራል። ጆርዳን ሆኪንስ ደግሞ ከሩቅ ይተኩሳል። በሁለቱ መካከል ሮጦ የማይደክመው፣ ኳስ ማቀበል የሚወደው አንድሬ ጃክሰን አለ። ጃክሰን አንድ ጉድለት ነበረበት። ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ ሲወረውር ከ10 ሙከራ 3 እንኳ አይገባለትም። የኮኔቲከት ሊግ በሆነው በቢግ ኢስት ያሉ አሰልጣኞች ይህን አጥብቀው ያዙት። ጃክሰንን እንዲይዝ የተመደበው ተከላካይ እሱን ትቶ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ሳኖጎን ከሌላ ተከላካይ ጋር ሆኖ ይቆልፋል። አንዳንዶቹ እንዲያውም በጃክሰን ላይ የቡድናቸውን ረጅም ሰው መደቡበት፤ ይህ ረጅም ሰው ከቅርጫቱ ሳይርቅ መዋል ይችላልና። ኮኔቲከት ሲያጠቃ በስም አምስት ሆኖ በተግባር አራት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ለአሰልጣኝ የሚቀለው ጃክሰንን አስቀምጦ ተኳሽ ማስገባት ነው። ሀርሊ ግን ጃክሰንን አላስቀመጠውም፤ ቦታውን ለወጠለት።

የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጃክሰን ኳሱን ይዞ ከቅርጫቱ ፊት ለፊት፣ ከመስመሩ ውጪ ይቆማል። ያዡ ከእሱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ቅርጫቱ ሥር ነው። ሆኪንስ ከጥግ ተነሥቶ ተከላካዩን ከኋላው እያስከተለ ወደ ጃክሰን ይሮጣል፤ ኳሱን ከእጁ ላይ ይቀበላል። የሚያሳድደው ተከላካይ ከጃክሰን ገላ ጋር ይጋጭና ይቀራል። በተለመደው አሠራር እንዲህ ያለውን ተኳሽ ዘሎ የሚቀበለው የጃክሰን ያዥ ነበር፤ እሱ ግን ሳኖጎን ለመጠበቅ ሲል ሩቅ ቆሟል። ሆኪንስ ብቻውን ይቀራል፤ ይወረውራል። በሚቀጥለው ጊዜ ያዡ ፈርቶ ወደ ፊት ከወጣ፣ ጃክሰን ኳሱን የሚሰጥ መስሎ በተለቀቀው ቦታ ራሱ ይገባል፣ ወይም ለሳኖጎ ያቀብላል። ተጋጣሚዎች ጃክሰንን ትተው መራቃቸው የኮኔቲከት ድክመት ነበር፤ አሁን የሆኪንስ መተኮሻ ሆነ።

ውጤቱ በፌብሩዋሪ ታየ። ጃንዋሪ ላይ ካሸነፉት ቡድኖች አራቱን፣ ማለትም ማርኬትን፣ ሴተን ሆልን፣ ፕሮቪደንስንና ሴንት ጆንስን፣ በመልሱ ጨዋታ አራቱንም ረታ። ማርኬት በሜዳው 82 ለ 76 አሸንፎት ነበር፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ግን 87 ለ 72 ተሸነፈ። ሆኖም የማርኬቱ አሰልጣኝ ሻካ ስማርትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በማርች ሁለቱ ቡድኖች በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙና ማርኬት 70 ለ 68 አሸነፈ። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ሲያርም፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲከፍት፣ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት የተለያየ ጨዋታ ተጫወቱ። ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከዚህ የተሻለ የሚያሳየው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሆነውን የስፖርቱ ተከታታይ ያስታውሰዋል። በ68 ቡድኖች መካከል የሚካሄደው ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ሲጀመር ኮኔቲከት ስድስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ከስድስቱ አንዱንም ከ10 ነጥብ በታች በሆነ ልዩነት አልጨረሰም። ጎንዛጋን 82 ለ 54 ሲያሸንፍ ያ መተኮስ የማይችለው ጃክሰን 10 ጎል የሚሆኑ ኳሶችን አመቻችቶ አቀበለ። ሳኖጎ በረመዳን ጾም ውስጥ ሆኖ ተጫውቶ የመጨረሻው ምዕራፍ ኮከብ ተባለ። ሳንዲያጎ ስቴት በፍጻሜው 76 ለ 59 ተሸነፈ።

የዓመቱ ሒሳብ ሲሠራ የሚወጣው ቁጥር ሁሉን ይናገራል። ኮኔቲከት ከሊጉ ውጪ ያሉ ቡድኖችን 17 ጊዜ ገጥሞ 17 ጊዜ አሸነፈ፣ ሁሉንም በሁለት አሃዝ ልዩነት። በራሱ ሊግ ቡድኖች ግን 8 ጊዜ ተሸነፈ። የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚፈራው ቡድን ከጎረቤት ነበር ማለት ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤት በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ያየዋል። ሊጉ ያስከፈለው ሽንፈት ማርች ላይ ለሚገጥሙት እንግዶች የማይፈታ ቡድን አድርጎት ወጣ።

ይህ ዕውቀት በዘፈቀደ አይመጣም። በአሜሪካ ኮሌጆች ረዳት አሰልጣኞች ተጋጣሚዎችን ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ቡድን የቅርብ ጨዋታዎች በቪዲዮ ቆራርጦ ያጠናል። የትኛው ተጫዋች ወደ ግራ መሄድ ይጠላል? ከእረፍት መልስ የሚጠሩት የመጀመሪያው ጨዋታ የትኛው ነው? ኳስ ከጎን ሲያስገቡ ማን ማንን ይጋርዳል? ከዚያ በጨዋታ ቀን ብዙም የማይሰለፉት ተማሪዎች የተጋጣሚውን ቡድን ሆነው በልምምድ ይሠራሉ፤ አንዱ የማርኬት አቀባይ፣ ሌላው የዜቪየር ረጅም ሰው ይሆናል። ሕጉ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቅድም። በዚያች ሰዓት ውስጥ የራስን ጥፋት ማረምና የሰውን ዘዴ መፍታት አለ። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ላለበት ቡድን ይህ ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ግጥሚያ ራሱ ጥናት ይሆናል። ተጫዋቹ በቪዲዮ ያየውን ተከላካይ በገላው ያውቀዋል፤ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ እጁ የት እንደሚደርስ። አሰልጣኙም የራሱ ልጆች በዚያ ግፊት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃል።

የታሪኩ ትልቁ ምስክር የ1985ቱ ብሔራዊ ፍጻሜ ነው። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በፓትሪክ ዩዊንግ እየተመራ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበር። ቪላኖቫ ከዚያው ከቢግ ኢስት ሊግ ነው፤ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ገጥሞት ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል፤ አንዱን ግን በጭማሪ ሰዓት 52 ለ 50 ብቻ። የቪላኖቫ ልጆች ዩዊንግን ከሩቅ የሚያመልኩት ሰው አላደረጉትም፤ ሲታገሉት ኖረዋል። በኬንታኪዋ ሌክሲንግተን ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ በሮሊ ማሲሚኖ የሚሠለጥነው ቡድን ኳሱን አልቸኮለበትም፤ በዚያ ፍጻሜ ማጥቂያውን የሚገድብ ሰዓት ስላልነበረ ጥሩው አጋጣሚ እስኪመጣ እየተቀባበለ ጠበቀ። ከ28 ውርወራ 22ቱን አስቆጥሮ 66 ለ 64 አሸነፈ። ብዙዎች ያንን ሌሊት ተአምር ይሉታል። በአንድ ሌሊት ያንን ያህል ማስቆጠር በእርግጥ ዕድልም ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ በጆርጅታውን ግፊት ሳይደናገጡ 40 ደቂቃ መቆየት በሁለት ሽንፈት የተገዛ ዕውቀት ነው።

የመልስ ጨዋታ በሌለበት አሰልጣኞች ወደ ብልጠት ያዘነብላሉ። በኖቬምበር 2008 የሜሪላንዱ ሎዮላ ኮሌጅ የዴቪድሰን ኮሌጁን ስቴፈን ከሪን ለመግታት ሁለት ተከላካይ መደበበት፤ አንድም ደቂቃ እንዳይለዩት። ከሪ ምን አደረገ? ጥግ ሄዶ ቆመ። ሁለቱ ተከላካዮችም አብረውት ቆሙ። የቀሩት አራት የዴቪድሰን ተጫዋቾች ሦስት ተከላካዮችን እየተጫወቱባቸው 78 ለ 48 አሸነፉ፤ ከሪ ያለ አንድ ነጥብ ወጣ። የሎዮላ ዘዴ ያሰበውን ፈጸመ፤ ጨዋታውን ግን በ30 ነጥብ ልዩነት አጣ። ሎዮላና ዴቪድሰን በአንድ ሊግ ሆነው በጃንዋሪ ዳግም ቢገናኙ ኖሮ አሰልጣኙ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። ከዚያ ምሽት የቀረው ግን መነጋገሪያነቱ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስለ መላመድ የሚያስተምረው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። በ2022-23 ፐርዱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ዛክ ኢዲን ይዞ ካደረጋቸው 23 ጨዋታዎች 22ቱን አሸነፈ። በፌብሩዋሪ የቢግ ቴን ሊግ ቡድኖች ነቁበት። ኳስ የሚያመጡት ሁለቱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ብሬደን ስሚዝና ፍሌቸር ሎየር ነበሩ፤ ተጋጣሚዎች ሙሉ ሜዳ እየተጫኑ አደከሟቸው፤ ኢዲን ደግሞ በሁለት ሰው ከበቡት። ጎረቤቱ ኢንዲያና በዚያ ወር ሁለት ጊዜ አሸነፈው። ማርች ላይ በብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ፌርሊ ዲኪንሰን የተባለው ትንሽ የኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ በአማካይ ቁመቱ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ሁሉ አጭሩ፣ ያንኑ ዘዴ ገልብጦ መጣ። ፐርዱ ከ26 የሦስት ነጥብ ሙከራ 5 ብቻ አስቆጥሮ 63 ለ 58 ተሸነፈ። በወንዶች ውድድር ታሪክ በ16ኛ ደረጃ በተመደበ ቡድን የተሸነፈ ሁለተኛው በአንደኛ ደረጃ የተመደበ ቡድን ሆነ።

አሰልጣኙ ማት ፔይንተር በዚያ ውርደት ውስጥ ኢዲን ማዕከሉ ያደረገውን አጨዋወት ሊጥለው ይችል ነበር። አልጣለውም። ልጆቹ እንዲበስሉ ታገሠ፤ ግፊትን ሰብሮ የሚወጣ ፈጣን ተጫዋች፣ ላንስ ጆንስን፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። የኢዲ ከበባ እንዳይቻል ዙሪያውን በተኳሽ ሞላው። በቀጣዩ ዓመት ፐርዱ ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ የጠበቀው ያው ኮኔቲከት ነበር፤ እሱም አዲስ መልስ ይዞ መጣ። ኢዲን በሁለት ሰው መክበብ ተወ። 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ዶኖቫን ክሊንገንን ብቻውን ሰጠውና የቀሩት አራቱ ከተኳሾቹ አጠገብ ሳይነቃነቁ ቆሙ። ኢዲ 37 ነጥብ አስቆጠረ። ፐርዱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰባት የሦስት ነጥብ ሙከራ ብቻ አገኘ፣ ከእነዚያም አንዱን አስቆጠረ፤ ኮኔቲከት 75 ለ 60 አሸንፎ በተከታታይ ሁለተኛ ዋንጫውን ወሰደ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። ጥሩ ቡድን በሽንፈት ጊዜ ማንነቱን አይጥልም፤ የተነቃበትን ሰው ወይም ዘዴ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ይህ ትምህርት የሚገኘው ደግሞ አውቆት ከሚመጣ ተጋጣሚ ነው። የሚያሳዝነው ጉዳይ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት መሪዎች ይህንን የመልስ ጨዋታ መድረክ በገዛ እጃቸው እያፈረሱት መሆኑ ነው።

በ2024 ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ኦሬገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን ሲገቡ ሊጉ 18 ቡድን ሆነ። በ20 የሊግ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቡድን በደርሶ መልስ የሚገጥመው 3 ተጋጣሚ ብቻ ነው፤ የቀሩትን 14ቱን አንድ ጊዜ አይቶ ይለያቸዋል። ሌላው ትልቅ ሊግ ኤሲሲም ስታንፎርድንና ካሊፎርኒያን ከሌላው ውቅያኖስ ዳር አምጥቶ 18 ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የአሜሪካ እግር ኳስና የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ቢግ ቴን በ2022 ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር የፈረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ቅርጫት ኳሱ በዚያ ውል ተጎትቶ ሄደ። በሎስ አንጀለስ የሚማር ተጫዋች በሳምንቱ መካከል ኒው ጀርሲ ድረስ በርሮ ይጫወታል፤ ልምምዱም ትምህርቱም በአውሮፕላን ውስጥ ይባክናል።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በቅርብ አይተውታል። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1953 ከኤሲሲ መሥራቾች አንዱ ነበር። በ2014 ትቶት ወደ ቢግ ቴን ሄደ፤ ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረው የዓመት ዓመት ፍልሚያም ያኔ ተቋረጠ። ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስተምሩ ወላጆች ስለዚያ ፉክክር የሚሰሙት ካለፈ ዘመን እንደመጣ ታሪክ ነው።

ተቃራኒውን መንገድ የመረጠ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ራሱ ኮኔቲከት። በ2013 ከቀድሞ ሊጉ ፍርስራሽ በተረፈው ሊግ ውስጥ ቀርቶ፣ ደጋፊው የማያውቃቸውን ቡድኖች ሲገጥም ሰባት ዓመት ቆየ። ከዚያ 17 ሚሊዮን ዶላር የመልቀቂያ ክፍያ ለመክፈል ተስማምቶ፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ያለ ሊግ መቅረቱንም ተቀብሎ፣ በ2020 ወደ ቢግ ኢስት ተመለሰ። ቢግ ኢስት 11 ቡድን አለው፤ ሁሉም ሁሉንም በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ይገጥማል፤ 20 ጨዋታ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ዋንጫ መጣ። ዋንጫዎቹን ያመጡት ሀርሊና ጥሩ ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ሊጉ ብቻውን ሻምፒዮን አያደርግም። ነገር ግን ያን ጃንዋሪ ያለፈ ሁሉ ኮኔቲከት መልሱን የት እንደተማረ ይመሰክራል።

የትልልቆቹ ሊጎች ተከራካሪዎች የሚሉት አላቸው። ተመልካች አዳዲስ ግጥሚያ ይፈልጋል፤ ማርች ላይ የሚመጣው ጥሎ ማለፍም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጨዋታ ስለሚፈርድ ከእንግዳ ጋር መልመድ ይጠቅማል ይላሉ። ለእንግዳ ግጥሚያ ግን ኖቬምበርና ዲሴምበር አሉ፤ ሁለቱ ወራት ለዚሁ የተሰጡ ናቸው። ከዚህም በላይ የፍትሕ ጥያቄ አለ። በ18 ቡድን ሊግ አንዱ ጠንካሮቹን ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ደካሞቹን ሁለት ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይነጻጸራሉ። ያ የሊግ ሻምፒዮን መባል ትርጉሙን ያሳጣዋል።

ሊጎቹ ይፍረሱ ማለት የማይሆን ምኞት ነው፤ ውሉ ተፈርሟል። የሚቻል ነገር ግን አለ። ቢግ ቴን 18ቱን ቡድኖች በዘጠኝ ዘጠኝ ይክፈላቸው። አራቱ የምዕራብ ዳርቻ ቡድኖች ከነብራስካ፣ ከአይዋ፣ ከሚኒሶታ፣ ከዊስኮንሲንና ከኢሊኖይ ጋር ይሁኑ፤ የቀሩት ዘጠኙ በምሥራቅ ይሰባሰቡ። እያንዳንዱ ቡድን በምድቡ ያሉትን ስምንቱን በደርሶ መልስ ቢገጥም 16 ጨዋታ ይሆናል፤ የቀሩት 4 ከሌላው ምድብ ይሞላሉ። ድምሩ ያው 20 ነው፤ ቴሌቪዥኑ አንድም ጨዋታ አይጎድልበትም፤ አብዛኞቹ ተማሪዎችም በአውሮፕላን የሚያጠፉት ሰዓት ይቀንሳል። የቢግ ቴን ኃላፊዎች ቀጣዩን መርሐ ግብር ሲያወጡ ይህን ስሌት ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም፣ አሰልጣኞቹም፣ ቲኬት የሚቆርጠው ደጋፊም ይጠይቋቸው።